የእሜቴ የውሃ ቅጠል

እሜቴ አስካለማርያም፣ የአዋሹ ጥጥ እርሻ ሥራ አስኪያጅ ሚስት፣ ከባላቸው ይልቅ በመስታወት ገንዳ ላሳደጉት የውሃ ቅጠል ይሳሳሉ። ሙቀት እንዳያጠወልገው የቦዩን ውሃ በእንስራ አጥልላና አቀዝቅዛ የምትቀይርለት ከወሎ የመጣችው ገረዳቸው ኑራ ናት።

ዛሬ ቅጠሉ ገንዳው ውስጥ ከተጣበቀበት ድንጋይ ተላቆ ተንሳፈፈ። ኑራ የገበሬ ልጅ አይደለች? ሥሩን አሸዋው ውስጥ ቀበረችው።

«አንቺ ደንቆሮ! ሲቀበር ይበሰብሳል፤ ድንጋይ ላይ ነው የሚታሰር! ቢሞትብኝ በመጣሽበት መኪና ነው የምጭንሽ።»

«ወላሂ አላወቅሁም፣ እሜቴ።»

ጸጉር የመሰለውን ጥቁር ሥር ከአሸዋው አውጥታ ድንጋዩ ላይ በክር አሰረች። ክሩን ስትስብ የገዛ ጸጉሯ ወደ ገንዳው ተሳበ። ዞር ብላ አየች፤ ማንም አልነካትም።

«አጥብቂ እንጂ!»

አጠበቀች። አንገቷ ተደፋና ፊቷ ውሃውን ነካ። ቀና ልትል ታገለች፣ አልቻለችም።

«ጎሽ» አሉ እሜቴ ቅጠሉን እየዳሰሱ፤ «አሁን ጸደቀ።»