በቀይ ሲባጎ የታሰረው ጆንያ

ሰፈሩ «አባ እቶን» የሚላቸው ሽማግሌ ሰሞኑን ዕረፍት አጥተዋል። ቁጭ ብለው ይነሣሉ፣ ተነሥተው ይቀመጣሉ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰክተው መነጽራቸውን ይፈልጋሉ። ሌባ በቤቱ ያለበት ሰው ምን ልብ ይኖረዋል?

ሌባዋ ደግሞ የልጃቸው ሚስት ናት።

የሚሰረቀው ቅቡ ነው፤ ሸክላ ላይ ተቀብቶ እቶን ሲገባ ቀልጦ አረንጓዴ መስታወት የሚሆነው፣ ከአባታቸው የወረሱት ቅብ። ነጭ አፈር፣ የድንጋይ ዱቄትና የእንጨት አመድ በውሃ ይበጠበጣል፤ ልኩን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ማታ በጥብጠው ባልዲውን ይከድኑታል፣ ጠዋት ሳህኑን ይነክሩበታል።

ሚስታቸው ያረፉ ሰሞን እሳቱ እምቢ ብሏቸው ነበር። ሳህኑ እንደ ኖራ ሻክሮ ይወጣል። አልቅሰው ጸለዩ። ልጃቸው አግብቶ ምራቲቱ ቤት ከገባች ወዲህ ግን አንድም እቃ አልከሸፈባቸውም።

«እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው» ይላሉ። «የሰው እጅ ሲያረጅ ይዝላል፤ የኔ ጭራሽ ሰላ!»

አሁን አሁን ታዲያ ጠዋት ሲመጡ የባልዲው ክዳን ከነበረበት ዞር ብሎ ያገኙታል። ወንፊቱ እርጥብ ነው። ቅቡም ከተዉት ጣት ያህል ከፍ ብሏል።

«ሰርቃ ሰርቃ ውሃ ትሞላበታለች!» አሉ ለልጃቸው። «ለዚያ ለወንድሟ ነው። እሱም እቶን አለው።»

«አባባ፣ እሱ እኮ ጡብ ነው የሚተኩሰው።»

«ዛሬ ጡብ፣ ነገ ሳህን! ከዳቦ ቤቱ አመድ በጣሳ ስታመጣ በዐይኔ አይቻለሁ። ምን ልታደርጊበት ነው ስላት ‹ለጽጌረዳው› አለችኝ። ጽጌረዳው ከደረቀ ስንት ዘመኑ!»

ልጅየው መሬት መሬቱን አየ።

«እጇንስ አታይም? ስንጥቅጥቅ ብሏል። እንዲህ የሚበላው እርጥብ አመድ ነው። እንደ ልጄ ያስገባኋት! እጄ አመድ አፋሽ!»

«ይተዉአት እባክዎ።»

«አልተዋትም! ማስረጃውን ያገኘሁ ቀን ከዚህ ቤት ትወጣለች። አንተም ካማረህ ተከተላት።»

ያን ዕለት ማታ ወጥመድ አሰቡ። ነጩን አፈርና የድንጋይ ዱቄቱን በጠበጡ፣ አመዱን ግን ሆን ብለው ተዉት። አመድ የሌለበት ቅብ እሳት ውስጥ አይቀልጥም። ወንድምየው ቀብቶ ሲተኩስ ኖራ ይታቀፋል፣ ስርቆቱም ይገለጣል። እሳቸው አመዱን ጠዋት ከመንከራቸው በፊት ይጨምሩታል። የአመዱን ጆንያ በቀይ ሲባጎ ጠፍረው አሰሩት።

ምራቲቱ በሩ ላይ ብቅ አለች። «አባባ፣ አመዱን ጨመሩበት?»

«ምን አገባሽ? ጨምሬያለሁ!»

እሷም ጆንያውን አየት አድርጋ ሄደች። ሽማግሌው በልባቸው ሳቁ። ልኩን ልትሰልል!

ጠዋት ክዳኑ ዞሯል። «ገባችልኝ!» አሉ፣ እጃቸውን እያፋተጉ። ከዚያ ተንበርክከው ጸለዩ። ተነሡና ጥቂት ተንጎራደው እንደገና ተንበረከኩ።

«አባባ፣ አሁን ጸልየው ተነሡ እኮ» አለች ምራቲቱ፣ ሳህኖቹን እየደረደረች።

«ጸሎት በዝቶብሽ ነው?»

ሳህኖቹ አንድ ትልቅ ሆቴል ያዘዛቸው ናቸው። ከከሸፉ የአባ እቶን ስም አብሮ ይከሽፋል። ልጅየው «ዛሬ ካልገባ ቀኑ ያልፍብናል» እያለ ያጣድፋል። ሽማግሌው ነከሩ፣ አራገፉ፣ የሳህኑን ቂጥ በእርጥብ ስፖንጅ ጠረጉ። እቶኑ ሞላ፣ አፉ በጡብ ተደፈነ፣ እሳቱ ተለኮሰ።

በመመልከቻው ቀዳዳ የሙቀት ጣቶቹ ይታያሉ። እነዚህ ከጭቃ የተሠሩ ቀጫጭን ጣቶች እንደሚሰግድ ሰው ጎንበስ ሲሉ እሳቱ ደረሰ ይባላል። ጎንበስ አሉ። ሽማግሌውም «ተመስገን» ብለው ሊያርፉ ወደ ጆንያው ዞሩ።

ቀዩ ሲባጎ እንደታሰረ ነው።

አመዱን ረስተውታል! ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቅም ይባላል። እሳት ውስጥ ያለን ሳህን ማን ያወጣዋል? እቶኑ እስኪቀዘቅዝ ዞሩት፤ ጡቡን ዳበሱ፣ ላባቸውን ጠረጉ፣ ደግሞ ዞሩት።

«አባባ፣ ምነው?» አለች ምራቲቱ። «ትንሽ አረፍ ቢሉስ?»

ቀና ብለው ሊያዩአት አልቻሉም። ሌባ ናት፤ ግን ዛሬ እሷ ፊት ይዋረዳሉ። «ጌታዬ ሆይ፣ እሷ ፊት ብቻ አታድርገው» አሉ በልባቸው።

በማግስቱ ጡቡ ሲነሣ ባልና ሚስቱ ኋላቸው ቆመዋል። ሽማግሌው ዐይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን ሰደዱና የመጀመሪያውን ሳህን ያዙ። የሚሻክር ኖራ ጠብቀው ነበር። ጣታቸው ተንሸራተተበት። ዐይናቸውን ገለጡ፤ ሳህኑ ዝናብ እንዳጠበው ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ሁለተኛውም። ሦስተኛውም። ዞረው ጆንያውን አዩ፤ የገዛ ቋጠሯቸው አልተነካም።

«እንደ ሁልጊዜው ነው፣ አባባ» አለች ምራቲቱ፣ የተሰነጣጠቀ እጇን ሽርጧ ውስጥ እየሸሸገች።