የስምንት ሰዓቱ ትንፋሽ

የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቷ የታካሚ ትንፋሽ ሲደክም ነርስ በሚጠራ መሣሪያ ላይ ነው። መሣሪያውን ለማሠልጠን ቀድሞ በነርስነት ከሠራችበት ሆስፒታል ነርሶች የታካሚን ትንፋሽ በየሰዓቱ ቆጥረው የሚሞሉባቸው አሮጌ ካርዶች አምጥታለች። አማካሪዋ ዶክተር ምንተስኖት አንዱን ካርድ አነሱ።

«ይሄ ሰው ስድስት ሰዓት ላይ ሞቷል። የስምንት ሰዓቱ ትንፋሽ ግን ሃያ ተብሎ ተሞልቷል።»

«ሥራ ሲበዛ የቀኑን ሁሉ ጠዋት በአንዴ የሚሞሉ አሉ» አለች ቀስ ብላ።

«ስለዚህ ማንም አላየውም ማለት ነው። ፊርማው የተጠቀለለ ክር ይመስላል፤ አይነበብም። ነርሷን ታውቂያት ይሆናል።»

«አላውቃትም፣ ዶክተር።»

ካርዱን ለብቻው አስቀመጡና የዕለቱን የምክክር ቅጽ ገፋ አደረጉላት። «በይ ፈርሚ።»

እስክሪብቶውን አነሳች። ከዚያ በፊርማዋ ፈንታ ስሟን፣ ፊደል እንደሚለማመድ ሰው፣ ለያይታ ጻፈች።