ረድዋን መንዙማ ሲያወጣ

መጀመሪያ ድቤው ይሰማኛል፤ ከዚያ የወንድሜ የረድዋን ድምፅ። ጥርት ብሎ ይነሳና «ሰላም» የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ እርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለበት ይመስል ይድበሰበሳል።

ገብቼ ከጎኑ እቀመጣለሁ። የሸዋሮቢት የከሰዓት ሙቀት ከቆርቆሮው ላይ ወደ ታች ይጫነናል። በየሰው ፊት ጫት ተዘርግቷል። በዚህ ቆላ የመንዙማው ጉባኤ፣ ሐድራው፣ ያለ ረድዋን አይደምቅም፤ እሱ ድቤውን እየመታ ያወጣል፣ እኛ እንቀበላለን።

የነቢዩ ስም አፉ ውስጥ ይሰበራል። የቤቱ ባለቤት ሸህ ሰዲቅ እጃቸውን ሲያነሱ ድቤው ዝም ይላል።

«አንተ ልጅ፣ ጉንጭህን ሞልተህ የረሱልን ስም ትጠራለህ?»

«ኧረ ሸህ ሰዲቅ፣ እንዲህ ያለውን ለጋ ማን ይተፋል!» ይላል ፊት ለፊት የተቀመጠው ሁሴን። ቤቱ በሳቅ ይሞላል።

ረድዋን ከሐኪም ቤት ከተመለስን ወዲህ ጫት አልነካም። ሐኪሙ ሲያስረዳን አብሬው ነበርኩ። ምላስና ጉሮሮን የሚያንቀሳቅሱት ነርቮች እየሞቱ ነው፤ ዙሪያቸውን የያዘው ብግነት ደግሞ ጉዳቱን ያባብሰዋል፤ መድኃኒቱ ቢያዘገየው እንጂ አያቆመውም፣ አለን። ስንመለስ መንገድ ላይ ረድዋን «ካወቁ አዝነውልኝ ዳር ያስቀምጡኛል» ብሎ ለማንም እንዳልናገር ወላሂ አስብሎኛል።

አሁን ልናገር አፌን ስከፍት ያየኛል። እንዳልናገር ራሱን በትንሹ ይነቀንቃል።

ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞርና መዳፉ ላይ ይተፋል። መዳፉ ይታየኛል፤ ባዶ ነው። ውሃ ተቀብሎ ይጉመጠመጣል፤ ግማሹ በአገጩ ይወርዳል።

«አፉ በሉኝ፣» ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል።

«አፉ ብለናል። በል አውጣ፣ የኔ ልጅ፣» ይላሉ ሸህ ሰዲቅ።

ያወጣል። የመጀመሪያው ስንኝ ይመጣል፤ እንቀበላለን። ሁለተኛው ላይ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁም አለ፤ ቃል ግን የለውም። ያወጣው ሰው ሌላ ስንኝ እስኪጨምር አዝማቹን መደጋገም ደንባችን ነውና እንደጋግማለን። ሁሴን ወደ አፉ የወሰደውን ቅጠል መልሶ ያስቀምጣል።

ሸህ ሰዲቅ ጎንበስ ይላሉ።

«ረድዋን፣ ምን ሆነህ ነው?»

ረድዋን ድቤውን አንስቶ ጭኔ ላይ ያኖረዋል፤ ቆዳው የእጁን ሙቀት እንደያዘ ነው። ይነሳል። በተቀመጡት ሰዎች ጉልበት መሃል ቀስ ብሎ ያልፍና መጋረጃውን ገልጦ ይወጣል። አዝማቹ አልቆመም።