ወጪ ቁጥር የተሰጠው ፖስታ

ሥራ አስኪያጁ በመዝገብ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ወዳለው ፖስታ እጁን ሲሰድ፣ ፕሮፌሰር ቀድሞት መዳፉን አሳረፈበት።

ፕሮፌሰር የሚሉት ሲያሾፉበት ነው። ከስድስተኛ ክፍል አቋርጦ ሃያ ሦስት ዓመት የቆዳ ፋብሪካውን ቫልቭ ሲከፍትና ሲዘጋ የኖረ ሰው ነው። አንድ ጊዜ በስብሰባ መሐል መሐንዲሱን ተሳስተሃል ስላለ ስሙ በዚያው ቀረ። የመሐንዲሱ መሳሳት በኋላ ሲረጋገጥ ግን ለካ ልክ ነበርክ ያለው አንድም ሰው አልነበረም። ይኼን አልረሳም። የሚረሳ ሰውም አይደለም።

“ፕሮፌሰር፣ እጅህን አንሳ እንጂ” አለ ሥራ አስኪያጁ ፈገግ ብሎ። በዕድሜ ልጁ ይሆናል፤ አንድም ቀን አንቱ ብሎት አያውቅም።

በሌላ እጁ ጠዋት ከአካባቢ ጥበቃ ቢሮ የደረሰውን ደብዳቤ ይዟል። ፋብሪካዎች ወደ አየርና ወደ ወንዝ የለቀቁትን መርዛማ ኬሚካል የሚያሳውቁበት ቀን ዛሬ ያበቃ ነበር፤ አሁን በአራት ወር ተራዝሟል። እና ምን ያጣድፈናል ነው ነገሩ። ፖስታው ውስጥ ያለው ሪፖርት ይመለስ፣ ውኃው በእርጋታ እንደገና ይለካ፣ ከዚያ ይላካል።

ፕሮፌሰር በሆዱ ሳቀ። የፍሳሽ ማቆያ ገንዳው ሞልቶ ሊፈስ የደረሰው የዛሬ ሦስት ሳምንት ነው። በስልክ ክፈት ተብሎ ቫልቩን በገዛ እጁ የከፈተው እሱ ነው፤ ቆዳ የተለፋበት አረንጓዴ የክሮም ውኃ ሰባት ሰዓት ሙሉ ወደ ወንዙ ሲወርድ ቆሞ አይቷል። የአራት ወር ዝናብ ወንዙን አጥቦ ካበቃ በኋላ ምኑ ነው የሚለካው?

ታችኛው ሰፈር ሴት ልጁ አለች፣ የሦስት ወር ሕፃን ታቅፋ። ሰፈሩ የሚቀዳው ከወንዙ ዳር ካለው የጉድጓድ ፓምፕ ነው። እሷን ከለከላት፤ ሰማችው። ጎረቤቶቿን ግን በየበሩ እየዞረ ቢለምናቸው፣ ሰውዬው ድሮም ከፋብሪካው ጋር ዓይንና ናጫ ነው እያሉ ባልዲያቸውን አንጠልጥለው ወረዱ። እውነታቸውን ነው፣ ቂም ይዟል። ቂም የያዘ ሁሉ ይዋሻል ያለው ግን ማነው? ፓምፑ የሚታሸገው ቢሮው ይህን ወረቀት ሲቀበል ነው፤ እስከዚያ ሰው ይጠጣል።

“ለአንተው ብዬ እኮ ነው” አለ ሥራ አስኪያጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ሪፖርቱ ላይ ቫልቩን የከፈተው ተብሎ የተጻፈው ያንተ ስም ነው። ነገ ጣት ሲቀሰር ወደ ማን የሚቀሰር ይመስልሃል?”

“ሙሉ ስሜን ነው የጻፋችሁት?”

“እስከ አያትህ።”

“ደግ አደረጋችሁ። እዚህ ቤት ስሜ በትክክል ሲጻፍ ገና ዛሬ ነው። የሃያ ዓመት አገልግሎት ብላችሁ በሰጣችሁኝ ምስክር ወረቀት ላይ ያለው የሌላ ሰው አባት ነው።”

የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ሳቋን በሳል ሸፈነችው።

ሥራ አስኪያጁ ፊቱ ተለወጠ። ወደ እሷ ዞሮ ፖስታውን አምጪው አላት። እሷ ቀና ሳትል፣ ከምሳ በፊት ወጪ ቁጥር እንደሰጠችው ነገረችው። ቁጥር የወጣለት ደብዳቤ እንዲሁ አይመለስም፤ የሚያስመልሰው ሰው ምክንያቱን መዝገቡ ላይ በእጁ ጽፎ ይፈርማል።

ይህን ደንብ ከፕሮፌሰር በላይ የሚያውቀው የለም። ከዓመታት በፊት የፎርማንነቱን ቦታ ጡጦ ላልጣለ ባለ ዲፕሎማ ሲሰጡበት፣ በንዴት አንድ ገጽ ስድብ ጽፎ አስገባ። በማግሥቱ መልሱልኝ ቢል ምክንያትህን ጻፍና ውሰድ አሉት። ተጸጸትኩ የምትለዋ አንዲት ቃል እጁን ያዘችው። አልጻፋትም፤ አስራ አምስት ቀን ታገደ።

መዝገቡን አዙሮ ወደ ሥራ አስኪያጁ ገፋው፤ እስክሪብቶውንም አስከተለ።

“እንግዲህ ይጻፉ” አለው። “ወንዝ ውስጥ የገባውን መርዝ አራት ወር እንዳይታወቅ ያደረግሁት እኔ ነኝ ብለው ይጻፉና ፖስታው የእርስዎ ነው። ደብዳቤው የዘገየ አይቀጣም አለ እንጂ ዛሬ አትላኩ አላለም። ሰሌዳው ላይ ለጥፋችሁት አንብቤዋለሁ። ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ ግን ሁለቴ አንብቤዋለሁ።”

ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን አነሳ። ክዳኑን ነቀለ። ባዶው መስመር ላይ አፍጥጦ ቆየና ክዳኑን መልሶ ገጠመ።

ደብዳቤ አድራሹ ሞተረኛ ዛሬ አይመቸውም አለ በመጨረሻ፤ ነገ ያደርሰዋል፣ ካልሆነም ከነገ ወዲያ።

ሞተረኛ የጠየቀው ማን ነው? ፕሮፌሰር ራሱ ሊያደርሰው እስክሪብቶውን ወስዶ ተረካቢ በሚለው ሥር መጻፍ ጀመረ። የተጠማዘዘ ፊርማ የለውም፤ ስሙን ነው የሚጽፈው፣ ፊደል በፊደል፣ የራሱን፣ የአባቱን፣ የአያቱን።

“ጋሼ” አለች የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ፣ “ቢሮው አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ዘጠኝ አልፏል እኮ፤ በእግርዎ ይደርሳሉ?”

ፕሮፌሰር ፖስታውን አነሳ። በሩ ላይ ሲደርስ ተንበረከከ፤ ፖስታውን በጥርሱ ያዘና የሥራ ጫማውን ክር ከታች ጀምሮ እየሳበ ያጠብቅ ገባ። በሩ ጠባብ ነው። ሥራ አስኪያጁ ሊወጣ መጥቶ ከኋላው ቆመ፤ ጉሮሮውን ጠራረገ። ፕሮፌሰር የቀኙን ሁለት ጊዜ ቋጠረና ወደ ግራው ዞረ።