«በሞቴ» የማያውቀው ማድቤት

የስንዱ ማድቤት የሚታዘዘው በጽሑፍ ብቻ ነው። «አቅርብ፣ ሽሮ፣ ለዘርጋው» ብላ ግድግዳው ላይ ባለው ስክሪን ጻፈች። ማድቤቱ ግን የሚበላውን ሰው ሳይጠይቅ አያቀርብም።

ታላቅ ወንድሟ ጋሽ ዘርጋው ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ሲጓዙ ውለው ምንም አልቀመሱም። ቢሆንም ማድቤቱ ሲጠይቃቸው፣ እንግዳ ናቸውና እንደ ወጉ «በልቻለሁ» ብለው ጻፉ። ምድጃው ጠፋ፤ የምግቡ መደርደሪያም እስከ ነገ ተቆለፈ።

ስንዱ «በሞቴ» ብላ ጻፈች።

ማድቤቱ «ያልታወቀ ትእዛዝ» ሲል መለሰላት።

ደግማ ጻፈች። መልሱ ያው ነው።

«ተይው እህቴ፣ ጠግቤያለሁ» አሉ ጋሽ ዘርጋው። ዓይናቸው ግን ቀደም ብሎ የቀረበላት የእህታቸው ልጅ የምትበላበት ሳህን ላይ ነበር።

ስንዱ ልጇን አየቻት። ልጅቷ ግራ ገባት።

«በልቻለሁ ብለው ጽፈዋል እኮ፣ እማዬ» አለችና የመጨረሻውን ጉርሻ ራሷ ጎረሰችው።