ጥናቱን ያልጠቀሰ ሐኪም የለም

ፕሮፌሰሩ ስለ ቲቢና ስለ ካንሰር የጻፉት ቢቆለል እንጦጦን ያስንቃል። በተለይ «በአገራችን የአንገት እብጠት ቲቢ ነውና የእብጠቱ ናሙና ምርመራ ሳይጠበቅ መድኃኒት ይጀመር» ያሉበትን ጥናት ያልጠቀሰ ሐኪም ከጨረቃ ወዲህ የለም። እሳቸውም በየማለዳው ማን እንደጠቀሳቸው ሳያዩ ቁርስ አይወርድላቸውም።

ዘንድሮ ታናሽ እህታቸው እናኑ ከገጠር ስትመጣ አንገቷ ላይ የበቀለው እብጠት ሁለተኛ ራስ አክሎ ነበር። ሆስፒታል አስተኝተው ናሙና አስወሰዱ። ካንሰር ሆነ፤ ያውም መላ አካሏን ያዳረሰ።

አልጋዋ አጠገብ ቆመው አገሯ ላከማት ወጣት ሐኪም ደወሉና ወረዱበት።

«ለመሆኑ ማን ነው ያስተማረህ? ናሙና ሳትወስድ ስድስት ወር ሙሉ የቲቢ መድኃኒት ትግታታለህ? በጊዜው ቢታወቅ ትድን ነበር እኮ!»

ሐኪሙ መለሰ።

«ፕሮፌሰር፣ የእርስዎን ጥናት ተከትዬ ነው።»

ፕሮፌሰሩ ስልኩን ዘጉት። እናኑ የጋቢያቸውን ጫፍ ሳብ አደረገች።

«ልጁን አይቆጡት፣ ጋሼ። ‹የወንድምሽ ትእዛዝ ነው› ስላለኝ፣ መድኃኒቱን አንድ ቀን እንኳ አላጓደልኩም።»