ለእሁድ የወዛ ጸጉር

ማናለብሽ ሃምሳን የተሻገረች፣ ባሏ የሞተባት የዳንግላ ሴት ናት። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ሁዳዴ በገባ በሦስተኛው ሳምንት፣ ከአረቡ ሱቅ ቀለም ገዝታ ጸጉሯን አጠቆረች። ሽበቱ በአንድ ቀን ጠፋ። ጸጉሩ ግን ወዝ አጣ።

‹‹እትዬ፣ አይቆጡኝና የድስት ቂጥ መስሏል፤›› አለቻት አብራት የምትኖረው ደጊቱ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ቅቤ ይበቃው ነበር። በጾም ቅቤ ተቀብታ ቤተ ክርስቲያን ብትሄድ ግን የዳንግላ ሰው ቅዳሴውን ትቶ እሷን ሲያሸት ይውላል። አንዱ ሲታመም ‹‹ጠጥቶ ነው››፣ የሻረግ የምትባለዋ ስትመነኩስ ‹‹ፈላጊ አጥታ ነው››፣ ዝናብ ሲዘገይ ‹‹ጋሪ በዝቶ ነው›› የሚል ሰው ነው።

ስለዚህ ደጊቱ ተልባ አፈላች። መጀመሪያ ሳያጠልሉ ቀቡትና ዶሮዎቹ ማናለብሽን ቀኑን ሙሉ ሲከተሏት ዋሉ። በማግስቱ ሎሚ ጨመሩበት፤ ቀለሙ በአንገቷ ወርዶ ነጠላዋን አጠቆረው። በሦስተኛው ቀን ተልባውን በስስ ጨርቅ አጠለሉት፣ ጸጉሯን ቀብተው በቀዝቃዛ ውሃ አለቀለቁት፣ ጥላ ላይ አደረቁት፣ በመጨረሻም ጥቂት የኑግ ዘይት በመዳፍ አሽተው አስነኩት። አሁን አበራ።

ያን ጸጉር በአጥር ቀዳዳ ያየው ጎረቤቷ ባለጋሪው አየነው ነበር። ሚስቱ ከሞተች አራት ዓመቱ ነው። ማናለብሽን ይወዳታል፤ በጣም ይወዳታል። እሷ እምቢ ካለችው ቤቱን ዘግቶ ኮሶበር ከተማ ወንድሙ ዘንድ ሊገባ ቆርጧል፤ ብቻውን ማርጀት ፈርቷል። ጥያቄውን በደጊቱ በኩል ከላከ ወር ቢያልፈውም መልስ አልመጣለትም።

ቅዳሜ ዕለት ከገበያ በጋሪው ሲመልሳት ድፍረት አገኘ።

‹‹ወይዘሮ ማናለብሽ፣ ይህ ሁሉ መሰናዶ ለማን ነው?››

‹‹ለሚያየው ነዋ፣ አቶ አየነው።››

‹‹የኔስ ነገር?››

‹‹ቁርጡን ነገ ከቅዳሴ በኋላ ያውቁታል። ከፊት ይቁሙ።››

አየነው እንቅልፍ አጣ። በሁዳዴ ሠርግ እንደሌለ ያውቃል፤ ስለዚህ ነገ ቃሏን ትሰጠዋለች፣ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ይሆናል ብሎ ራሱ ቀጠሮውን ቆረጠ። ደጊቱ ደግሞ ማናለብሽ ቀሚሶቿን ሁሉ ለዘመድ አከፋፍላ እንደጨረሰች ነገረችው።

‹‹ታዲያስ፤ ሙሽራ አሮጌ ልብስ ምን ያደርግላታል?›› አለ ደስ ብሎት። የተረፈውን ቀለም ከደጊቱ ለመነና እሱም ጢሙን አጠቆረ።

እሁድ ጠዋት ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ ቤተ ክርስቲያን ደረሰና ከፊት ቆመ። የጸጉሩ ወሬ ቀድሞ ስለተዛመተ ታሞ የከረመው ሁሉ ድኖ መጥቷል። ግማሹ ሙሽራው የወረዳው ጸሐፊ ነው ይላል፣ ግማሹ አየነውን በክርኑ ይጎሽመዋል።

ቅዳሴው አለቀ። ማናለብሽ ወደ ፊት ወጣችና ሻሿን ፈታችው። ጸጉሯ ጀርባዋ ላይ ወረደ፤ ፀሐይ ሲያርፍበት አብረቀረቀ።

‹‹ይቺ ገና ልጅ ናት እኮ፤›› አለች አንዲት ሴት።

‹‹ይህን ጸጉር ይዛ ስንቱን ትመርጥ!›› አለች ሌላዋ።

አየነው ጢሙን አሻሸ፤ መዳፉ ጠቆረ። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ቀረበ።

አባ ገብረ ማርያም በአንድ እጃቸው የመነኩሲት ቆብ፣ በሌላው መቀስ ይዘው ከመቅደሱ በር ወረዱ፤ ማናለብሽም ተንበርክካ፣ ‹‹አባ፣ ቀስ እያሉ ይቁረጡት፤ ከኋላ የቆሙትም ይዩት፤›› አለቻቸው።